የእናቴ የበረዶ ጫማ ልክ

እናቴ በሞተች በሦስተኛው ሳምንት ወንድሜ ከጃፓን የእግሯን ልክ ጠየቀኝ።

የጠየቀኝ በቴሌግራም በላከው ቅጽ ነው። ቅጹ ሦስት ረድፍ አለው፤ አንዱ ለአባቴ፣ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእናቴ። ቁመት፣ ክብደት፣ የራስ ዙሪያ፣ የእግር ርዝመት በሴንቲ ሜትር፣ ከዚህ በፊት በረዶ ላይ በስኪ ተንሸራተው ያውቃሉ ወይ? የመጨረሻውን ጥያቄ ወንድሜ ራሱ ለሦስታችንም «በጭራሽ» ብሎ ሞልቶ አጠገቡ የሚስቅ ፊት አድርጎበታል። ከሥሩ ደግሞ «ቶሎ ሙይልኝ እትዬ፤ የስኪ ጫማ እንደ ሌላ ጫማ አይደለም፣ ልኩ ከተዛባ እግር ይሰብራል» ይላል።

እኔ ሶዶ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ነው የምሠራው። ሥራዬ ቅጽ መቀበል ነው። ባዶ ሳጥን ያለበት ቅጽ ተቀብዬ አላውቅም፤ በዚህ የተነሳ ተማሪዎች ያወጡልኝን ስም አውቀዋለሁ፣ እነሱ ግን ማወቄን አያውቁም። ያን ቀን ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የእናቴን ረድፍ መሙላት ጀመርኩ። ክብደት፦ ስልሳ አንድ። ይህን ያገኘሁት ደም ግፊቷ ይመዘገብበት ከነበረው የክሊኒክ ካርድ ነው። ቁመቷን አባቴ በቃሉ ነገረኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ የሚስቱን ቁመት፣ የትከሻዋን ስፋትና የወገቧን ዙሪያ ከተጋቡበት ቀን ይበልጥ ያስታውሳል። ስሞላ ምንም አልተሰማኝም። በመሃል አንድ ተማሪ ትራንስክሪፕት ሊጠይቅ መጣ፤ አስተናግጄው ወደ ቅጹ ተመለስኩ። የእግር ርዝመት ላይ ስደርስ ግን የምጽፈው አጣሁ።

ለሞተች ሴት ለምን ቅጽ እንደምሞላ መናገር አለብኝ። እናቴ የሞተችው በኅዳር ማብቂያ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስማ ተመለሰች፣ ግቢ ውስጥ አንሶላ ስታሰጣ ወደቀች፣ ቀትር ሳይደርስ አረፈች። በማግስቱ ቀበርናት። ድንኳኑ ውስጥ መጀመሪያ የተወሰነው ነገር ወንድሜ እንዳይሰማ ነው፤ የወሰኑትም የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ትልቁ አጎቴ ናቸው።

«መርዶ በስልክ የለም» አሉ። «መርዶ የሚነገረው ሰው ክንዱን የሚይዘው ሰው ያስፈልገዋል። እዚያ በረዶ ውስጥ ማን ነው የሚይዘው?»

በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በአካል ነው፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰውዬው ከቤቱ ሳይወጣ በሩን አንኳኩቶ። ወንድሜ በሚኖርበት መንደር ግን ከእሱ ሌላ ሐበሻ የሚባል የለም።

«ቲኬታቸው ተቆርጧል፣ ቪዛውም ተመቷል» አሉ አጎቴ። «ከጥምቀት በኋላ ይሄዳሉ፤ አጠገቡ ቆመው ይነግሩታል። እስከዚያ ጉዞው እንደታቀደው ይቀጥል።» ከዚያ ወደ ለቀስተኛው ዞር ብለው ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ ሰው ከዛሬ ጀምሮ ጠላታችን ነው ብለው አወጁ። ሶዶ ውስጥ የአጎቴን ጠላትነት የሚፈልግ ሰው ስለሌለ ማንም አልለጠፈም።

ይቀጥል ያሉት እሳቸው ናቸው። ያስቀጠልኩት ግን እኔ ነኝ።

ወንድሜ አረካ ሰብል ምርምር ላይ ይሠራ ነበር። ለትምህርት ጃፓን ሄደና እዚያው ቀረ፤ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ሰዎችን ልጅ አገባ። ማረፊያው በአንድ የበረዶ ተራራ ሥር ነው። የእነሱ ክረምት በእኛ በጋ ነው የሚውለው፤ ያኔ ከየአገሩ ሰው እየመጣ እግሩ ላይ ሁለት ረጃጅም ሳንቃ አስሮ ከተራራው ቁልቁል ይንሸራተታል። ሲደክመው ፍል ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። እረፍት የሚባለው ይህ ነው። ወንድሜ «አንድ ክረምት ሦስታችሁንም አምጥቼ ስኪ አስተምራችኋለሁ» ሲለን ዓመታት አለፉ።

እናቴ መጀመሪያ ላይ አልተዋጠላትም። «የልጅ ልጄን አሳየኝ እንጂ በረዶ ምን ያደርግልኛል? ሐምሌ ላይ ቆርቆሯችንን ሲደበድበው አውቀዋለሁ» ትለው ነበር። ያ ሌላ ነው አላት። የእነሱ እንደ ደረቅ ቡላ ያለ ነጭ ዱቄት ነው፤ ብታፍሺው አይያያዝም፣ ብትወድቂበት አያምም። ቡላ ሲላት ገባት። ከዚያ በኋላ የሰንበቴ ጓደኞቿን ሁሉ «ቡላ ላይ ልንሸራተት ነው» እያለች ታስቃቸው ጀመር። ስለ ሳንቃው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፤ ተቀምጦ ይሆናል ወይ? ወንድሜ እሷንና የአራት ዓመት ልጁን አንድ ላይ የምታስቀምጥ መንሸራተቻ አዘጋጀ። «ግን አንድ ቀን፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ ጫማውን አድርገሽ ትቆሚያለሽ፤ ፎቶ አነሳሻለሁ» አላት። እሺ አለችው። ልጅቷን በስልክ ካልሆነ አይታት አታውቅም ነበር።

ወደ እግሯ ልመለስ። እናቴ ሁለት ጥንድ ጫማ ነበራት። አንደኛው ወንድሜ በደህናው ጊዜ በሰው የላከላት ጥቁር የቆዳ ጫማ ነው። ጃፓኖች ጫማን በሴንቲ ሜትር ነው የሚቆጥሩት፤ ውስጡ ላይ 23 የሚል ታትሞበታል። ጠባብ ነበር። እናቴ ግን በስልክ «ልክክ አለልኝ» አለችው፤ ከዚያ በየበዓሉ እያነከሰች ቤተ ክርስቲያን ሄደችበት፤ ስትመለስ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከትታ ለማንም እንዳትነግሩ ትለናለች። ሁለተኛው ራሷ ሶዶ ገበያ ሞክራ የገዛችው ቡናማ ጫማ ነው። በዘወትር የምታደርገው እሱን ነበር። ከቀብሯ በኋላ ልብሷን ለሰው ስንሰጥ ጥቁሩን ሳጥን ውስጥ አስቀረነው፤ ቡናማው ከገሱባ ቅቤ ታመጣላት ለነበረች ሴት ደረሰ።

«ሃያ ሦስት ብዬ ልጻፈው?» አልኩት አባቴን።

አባቴ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «ሃያ ሦስት አይደለችም» አለ።

«እሺ ሃያ አራት?»

«በግምት ልክ አይጻፍም።»

ይህ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የኖረበት ሕግ ነው። የሃያ ዓመት ደንበኛው እንኳን «በድሮው ልክ ስፋልኝ» ቢለው እሺ አይልም፤ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ እንደገና ይለካዋል። ሰው ይከሳል፣ ሰው ይወፍራል ይላል። ይቺ ሰው ከእንግዲህ አትከሳም አትወፍርም ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ዘረጋልኝ። ገሱባ ሂጂ ማለቱ ነው።

ቅዳሜ ገሱባ ሄድኩ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሚኒባሱ ሲነጥር የሰው ጭንቅላት ጣራ ይመታል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ የት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ጫማ ልለካ አልኩት። ሶዶ ጫማ ጠፋ እንዴ ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ስስቅ ራሴን እንደ ሌላ ሰው አየሁት።

ቅቤ ሻጯን ገበያው ውስጥ በቦታዋ አገኘኋት፤ ቅቤዋን በኮባ ጠቅልላ ፊቷ ደርድራለች። ስታየኝ ተነሥታ በወላይትኛ ሰላምታ «ሳሮ! ሳሮ!» እያለች አቀፈችኝ፤ አልቅሳም አለቀሰች። እኔ ቆሜ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩላት። ሐዘንተኛዋ እሷ አጽናኟ እኔ መሰልን።

«ያን ቡናማ ጫማ ፈልጌ ነው የመጣሁት» አልኳት።

አፌን ብዘጋው ይሻለኝ ነበር። ጫማው እግሯ ላይ ነው። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ ማውለቅ ጀመረች፤ ገበያተኛው ያያል። «ውሰጂው፣ ግድ የለም» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። «እናትሽ ደግ ነበረ። እሱ በአንቺ አይከፋም። ውሰጂው።»

«ኧረ የለም! ያንቺ ነው! ልለካው ብቻ ነው።»

«ለምኑ ይለካል?»

እውነቱን ነገርኳት። ከቤታችን ውጭ እውነቱን የነገርኩት የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። ወንድሜ አልሰማም፤ ለእናታችን በበረዶ ላይ የሚደረግ ጫማ ሊያዘጋጅላት ልኳን ጠየቀኝ አልኳት።

«ሰውዬው እናቱ መሞቱን አያውቅም። ጫማ ያዘጋጃል» አለች።

«አዎ።»

«እናንተ የከተማ ሰው አንጀታችሁ ከባድ ነው።»

ብላም ጫማውን በሁለት እጇ ይዛ እንድለካ ከፈት አደረገችልኝ። ውስጡ፣ መርገጫው ላይ፣ የእናቴ እግር ጠቁሮ ታትሟል፤ ተረከዟም፣ አምስቱ ጣቶቿም። ከተረከዙ ዳር እስከ አውራ ጣቱ ጫፍ የአባቴን ሜትር ዘረጋሁ። ሃያ አራት ተኩል። ሁለተኛ ለካሁት፤ ሃያ አራት ተኩል። ሴትየዋ ጫማውን መልሳ ስታደርግ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አድርጋ አየኋት፤ በገሱባ ፀሐይ። «ትንሽ ይሰፋል» አለችኝ፤ «በካልሲ ግን ጥሩ ነው።» አንድ ጥቅል ቅቤ በግድ አስያዘችኝ። እዚያው ገበያው ዳር ቆሜ ቁጥሩን ሞላሁና ቅጹን ላክሁለት። ባዶ ሳጥን አልቀረም።

ሚኒባሱ ሶዶ ሳይገባ ወንድሜ ደወለልኝ።

«ሃያ አራት ተኩል? እኔ የላክሁላት እኮ ሃያ ሦስት ነው። ልክክ አለልኝ ነው ያለችኝ።»

«እንዳይከፋህ ብላ ነው» አልኩት። «ይሄን የለካሁት ከቡናማው ጫማዋ ነው።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። «በስንት በዓል አደረገችው?»

«በሁሉም።»

«ሁልጊዜ እንደዚህ ናት» አለ። «ሲያማት እንኳን አትናገርም። ትምጣ ብቻ፤ እግሯን ፍል ውሃ ውስጥ አስገብቼ ነው የማናግራት።»

ባትሪዬ ሊያልቅ ነው ብዬ ዘጋሁት። ባትሪዬ ሙሉ ነበር።

ውሸቱን በየደረጃው አሳደግኩት። በመጀመሪያው ሳምንት የእናቴ ስልክ ተበላሸ። በሁለተኛው ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘጋ። ከዚያ የገና ጾም ነው፣ ለጉልበቷ ጸበል ገብታ ሱባኤ ይዛለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም አልኩት። በዚህ ደስ አለው፤ «ለስኪው ጉልበቷን እያዘጋጀች ነው» ብሎ ለሚስቱ ተረጎመላት። ገና ሲያልፍ ግን ኩርፊያ ጀመረ። «እናቴ ረስታኛለች» አለኝ አንድ ቀን፣ የቀልድ ባልሆነ ድምፅ። ያን ቀን ያደረግኩትን ለማንም አልነገርኩም። አባቴ ስልክ ውስጥ እናቴ ድሮ ለወንድሜ የላከችው የድምፅ መልእክት ነበር። እናቴ በድምፅ የምትለው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ደህና ነኝ የኔ ጌታ፣ አታስብ፣ ልጅቷን ሳምልኝ።» ክረምትም በጋም አይለይበትም። በአባቴ ስልክ እያጫወትኩ በእኔው ቀዳሁና ላክሁለት። ብዙ ልብ መልሶ ላከልኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ይጠቁር ነበር።

ሰው አላለቀሰችም ይለኝ እንደነበር አውቃለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶች ልቧ ድንጋይ ነው ሲባባሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ ምክንያት ነበረኝ። ወንድሜ በየቀኑ ይደውላል፤ ያለቀሰ ጉሮሮ በስልክ ይታወቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ እንባዬን ለድምፄ ስል ያዝኩት፤ ጃፓን ደርሰን እስክንነግረው አቆየዋለሁ አልኩ። በኋላ ብቻዬን ስሆን፣ ማንም በማይደውልበት ሰዓት፣ ትንሽ ላልቅስ ብዬ ተቀመጥኩ። አልመጣም። ጥርስ ለማስነቀል የተወጋ ድድ ያለኝ መሰለኝ፤ ብነካው የኔ አይደለም።

አባቴ በበኩሉ ካፖርት ይሰፋ ነበር። ወንድሜ የበረዶ ልብስ እዚያው ይከራያል ብሎ ነግሮናል። አባቴ የሰው ልብስ ለብሼ አማቾቼ ፊት አልቆምም ብሎ፣ እናቴ በሕይወት ሳለች፣ የዝናብ ልብስ ጨርቅና የኮምፎርት ጥጥ ገዝቶ ሦስት ካፖርት ቆርጦ ነበር። ለእሱ ሰማያዊ፣ ለእኔ አረንጓዴ። እናቴ ቀዩን የመረጠችው ራሷ ናት፤ በበረዶው ውስጥ እንዳልጠፋባችሁ ብላ። ስትሞት ቀዩ ጨርቅ ተቆርጦ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከአርባዋ በፊት እሱንም ጀመረው። ምን ሊሆን ነው አልኩት። «የተቆረጠ ጨርቅ አይጣልም» አለኝ። ኮሌታውን ሁለት ጊዜ ፈትቶ ሰፋው። በጥር ፀሐይ፣ የሶዶ አቧራ በር ላይ እየቦነነ፣ ሦስት የበረዶ ካፖርት ሱቃችን ውስጥ ተሰቀሉ፤ ደንበኞች ምንድን ነው እያሉ ይነካኩ ነበር።

የአርባዋ ቀን ወንድሜ በቪዲዮ ደወለ። ግቢው ውስጥ ድንኳን አለ፣ ካህናት አሉ፣ ድስት አለ። ጓዳ ገብቼ በሩን ዘግቼ አነሳሁት። የምናርፍበትን ክፍል ሊያሳየኝ ነው። መሬት ላይ ሦስት ፍራሽ ተነጥፏል። «የእማዬ ምድጃው አጠገብ ያለው ነው» አለ። በመስኮቱ ጣራ የሚያህል ነጭ ነገር ይታያል። ምንም ድምፅ የለም እዚያ።

«ጫጫታው ምንድን ነው?» አለኝ።

«ማኅበር ነው።»

«እማዬስ?»

«እንግዳ በዝቶባታል።»

«እንደፈለገች» አለና ፍራሹን እንደገና አሳየኝ። ትራሷ ላይ ልጅቷ የሣለችው ሥዕል ነበር፤ ሦስት ሰው፣ አንዱ ቀይ። አየሁት፣ ያምራል አልኩት፣ ወጥቼ ወጥ ጨለፍኩ።

አጎቴ እንዴት እንደምንነግረው ሁሉን ነገር አስጠንተውን ነበር። ስትደርሱ ጥቁር አትልበሱ። ይብላ፣ ይጠጣ፣ ይተኛ። በማግስቱ ማለዳ አባትየው ይናገር፣ አንቺ በቀኙ ቁሚ። ውሃ አዘጋጂ። ወር ተኩል ሙሉ ይህን ስንከልሰው አንዳችንም ያላሰብነው ነገር ነበር። ያሳሰበን ራሱ ወንድሜ ነው። የጥምቀት ማግስት፣ ልንሄድ አምስት ቀን ሲቀረን፣ ደውሎ እንዲህ አለኝ፦

«አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሆኜ ስትወጡ እቀርፃችኋለሁ። እማዬ ቀዩን ካፖርት ለብሳ ትውጣ፣ አደራ። ልጅቷን ቀይ የለበሰችው አያትሽ ናት ብያታለሁ፤ ሮጣ ልታቅፋት ነው።»

እሺ ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ቆሜ ቀረሁ። እሱ የሚጠብቀው ሦስት ሰው ነው። በሩ ሲከፈት ሁለት ሰው ይወጣል። ምግቡም እንቅልፉም ማለዳውም አይደርሱም፤ መርዶው እዚያው በሩ ላይ ነው፣ በሕዝብ መሃል፣ ስልኩን ወደ እኛ ደግኖ፣ ልጅቷ ቀይ ስትፈልግ። ይህን ሁሉ ብልጥ ሰው ሰብስበን ሁለትና ሦስትን መለየት አቃተን።

አጎቴን ሱቁ ድረስ አስጠራኋቸው። ሰምተው ጢማቸውን ዳሰሱ። «ቀላል ነው» አሉ በመጨረሻ። «ቀዩን አንቺ ልበሺው። ነጠላ ተከናነቢ። እስኪጠጋ ድረስ አይለይም፤ ሲጠጋ ደግሞ አባትሽ ይይዘዋል።»

ያኔ ተናደድኩ። ከቀብሩ ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያ ነገር ይህ ንዴት ነው፤ ከእግሬ ጣት ጀምሮ ሲወጣ ታወቀኝ። «የሞተች እናቴን ልብስ ለብሼ ልጅ አላታልልም!» ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ አጎቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ተመለሰ።

አባቴ መቀሱን አስቀመጠ። ቀዩን ካፖርት ከመስቀያው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አጠፈው፤ እጅጌውን ወደ ውስጥ፣ ለደንበኛ እንደሚያስረክብ አድርጎ። ከዚያ «ደውዪለት» አለኝ።

«በስልክ?» አሉ አጎቴ።

«ደውዪለት።»

እኛ ጋ ጠዋት ነው፤ እዚያ ከሰዓት በኋላ። ወንድሜ ሲያነሳ ከበስተጀርባው የአካፋ ድምፅ ይሰማል። አባቴ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው። ለወር ተኩል «ደህና ነህ፣ በርታ» ከማለት በቀር አናግሮት አያውቅም።

«ልጄ» አለው። «አጠገብህ ማን አለ?»

ከእኛ አገር ሰው ይህ ጥያቄ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። የአካፋው ድምፅ ቆመ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ጠጋ ብዬ አየሁ።

«ሚስቴ አለች» አለ ወንድሜ በመጨረሻ። «በረዶ እየጠረግን ነው።»

«ወደ አንተ ትምጣ። ክንድህን ትያዝ በላት።»

«አባዬ…»

«ትያዝህ መጀመሪያ።»

በእነሱ ቋንቋ አንድ ነገር ሲል ሰማን። በረዶ ላይ እርምጃ ተሰማ፤ እውነትም ደረቅ ቡላ ሲረገጥ እንዲህ ነው የሚለው። አጎቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይዛኛለች» አለ።

አባቴ ነገረው። ልክ እንደሚያነብ ነው የነገረው፤ ሳይጨምር ሳይቀንስ። የወሩን ስም፣ ቀኑን፣ አንሶላውን፣ የተቀበረችበትን ደብር፣ አርባዋ መውጣቱን። ከዚያ ከስልኩ የወጣውን ድምፅ አልጽፈውም። አባቴ ስልኩን ከጆሮው አላራቀም፤ ሁሉንም ሰማለት። ድምፁ ወደ ለቅሶ፣ ለቅሶው ወደ ትንፋሽ እስኪወርድ ድረስ የሚስቱ ድምፅ በማናውቀው ቋንቋ ያባብለው ነበር። «ኑ ብቻ» ሲል ሰማሁት። «ቀዩንም ይዛችሁ ኑ።» ቀጥሎ እትዬን ስጠኝ አለ።

ስልኩን ተቀበልኩ። ስለ ጸበሉ የሚጠይቀኝ መሰለኝ፣ ስለዚያ የድምፅ መልእክት። ለስድቡ ራሴን አዘጋጀሁ።

«ያን ጫማ» አለኝ፣ ድምፁ ተሰባብሮ። «ሃያ አራት ተኩሉን። ለማን ሰጣችሁት?»

«ቅቤ ታመጣላት ለነበረችው፣ ለገሱባዋ ሴት።»

«ይሆናታል? አያማትም?»

«አያማትም» አልኩት። «ትንሽ ይሰፋታል እንጂ። በካልሲ…»

ካልሲ የሚለውን ቃል አልጨረስኩትም። ከጉሮሮዬ የማላውቀው ድምፅ ወጣ። አባቴ የስፌት መኪናውን ዞሮ መጣና ክንዴን ያዘኝ።